የተበላሸ የብሎን ጥርስ በሽቦ ሞላ ስለ መጠገን

ከአሉሚኒየም በተሠራ ቴስታታ ላይ የካንዴላው ቀዳዳ ጥርስ ሲላጥ፥ ብዙ ገንዘብ የወጣበትን ዕቃ መጣል ይሻላል ወይስ መጠገን የሚል ጥያቄ ይነሣል። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ጥርሱ ስለ ምን እንደሚበላሽ፥ በሽቦ ሞላ እንዴት እንደሚጠገንና ይህ ጥገና የማይገባው ከምን ላይ እንደ ሆነ ለመግለጽ እንሞክራለን።

አሉሚኒየም ከብረት ይልቅ ለስላሳ ነው። ስለዚህ ካንዴላው ጠማማ ሁኖ ቢገባ፥ ከመጠን በላይ ቢጠብቅ፥ ወይም ሞተሩ ሳይበርድ ቢፈታ፥ የሚላጠው የካንዴላው ጥርስ ሳይሆን የቴስታታው ነው።

ጥገናው እንደሚከተለው ነው። ቀዳዳው ሰፍቶ አዲስ ጥርስ ይወጣለታል፤ በውስጡም እንደ ሞላ የተጠቀለለ የማይዝግ ብረት ሽቦ ይገባል። ሽቦው በውጭም በውስጥም በኩል ሹል ነው። የውጭው ሹል በአዲሱ ጥርስ ላይ ሲቀመጥ፥ የውስጡ ሹል በቀድሞው ልክ ጥርስ ይሆናል። እንግዲህ ያው ካንዴላ ተመልሶ ይገባል። ይህ ሞላ በብዙ አገር የሚታወቀው ሄሊኮይል በሚባል የንግድ ስም ነው።

ሞላው ስለ ምን አይወጣም? ከመግባቱ በፊት ከቀዳዳው ጥቂት ይሰፋል፤ ተጨምቆ ከገባ በኋላ ግን ወደ ውጭ ስለሚገፋ ጥርሱን አጥብቆ ይይዛል። ሙቀትም ሲጨምር አሉሚኒየሙ ከሽቦው የበለጠ ይለጠጣል፤ ይኸውም በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የመጀመሪያው ከሚሊዮን 23 ያህል፥ ሁለተኛው 17 ያህል ነው። ሽቦው ግን የተጨመቀ ሞላ በመሆኑ የሚሰፋውን ቀዳዳ እየተከተለ ይዞ ይቈያል።

ጥንካሬውንም በቍጥር እንመልከት። የተለመደው የካንዴላ ጥርስ ውፍረቱ 14 ሚሊሜትር፥ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት 1.25 ሚሊሜትር ነው። ለሞላው የሚወጣው ጥርስ ወደ 15.6 ሚሊሜትር ይደርሳል። ጕልበቱን የሚሸከመው የአሉሚኒየም ስፋት ከዚህ ልክ ጋራ አብሮ ስለሚያድግ፥ በእኩል ጥልቀት ከመቶ 11 ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በደንብ የተጠገነው ጥርስ ከቀድሞው ሊበረታ ይችላል።

በሥራው ጊዜ ቴስታታውን ማውረድ ይሻላል። ካልወረደ ጥርስ ማውጫው በግራሶ ይቀባል፤ ፍቅፋቂው ወደ ሲሊንደሩ ቢወድቅ ግድግዳውን ይቧጭራልና። ሞላው ከቀዳዳው አፍ ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ማስገቢያ የሆነችው የታችኛዋ ጫፉም ተሰብራ በጕጠት መውጣት አለባት።

ይሁን እንጂ መድኀኒቱ ለሁሉ አይሆንም። የጠመንጃ አፈ ሙዝ ከአካሉ ጋራ የሚያያዝበትን ጥርስ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በተራ የቤንዚን ሞተር ውስጥ ያለው ግፊት ከአየር ግፊት 100 እጥፍ አይደርስም፤ በጦር ጠመንጃ ግን ከ3,000 እጥፍ ያልፋል። በዚያ ቦታ ለሞላ ብሎ ብረቱን መፋቅ ግፊቱን የሚችለውን ግድግዳ ማሳሳት ነው፤ አፈ ሙዙም ከመስመሩ ሊዛነፍ ይችላል። በመነጽር ማሰሪያ ላይ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች በሞላ መጠገን ይቻላል፤ የአፈ ሙዙ ዋና ጥርስ ከተበላሸ ግን መለወጥ ይገባዋል።

ስለዚህ ሠራተኛው ጥርስ ማውጫውን ከማንሣቱ በፊት ሁለት ነገር ይመርምር፤ አንደኛ በቀዳዳው ዙሪያ የሚቀረው ብረት በቂ መሆኑን፥ ሁለተኛ ጥርሱ ቢለቅ የሚጐዳው ዕቃ ብቻ ነው ወይስ ሰው የሚለውን።