አዲሱ ማሽን በምን ይሻላል?

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ይህን ነው፦ «እናቴን በኮባልት የጨረር ማሽን ከማሳክማት ጠንካራ ጨረር ወዳለው አዲስ ማሽን ልውሰዳት?»

ልዩነቱ ከጥንካሬ አይመጣም። የጨረር መጠን የሚለካው በግሬይ ነው። ለጉሮሮ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው 70 ግሬይ ገደማ ሲሆን፣ በቀን 2 ግሬይ እየተከፈለ በ35 ቀጠሮ ይሰጣል። ማሽኑ ቢቀየርም ለካንሰሩ የሚታዘዘው መጠን ብዙም አይለወጥም። የሚለወጠው ለጎረቤት ጤነኛ አካል የሚደርሰው ነው።

ምራቅን እንይ። ከጆሮ ሥር በግራና በቀኝ ያሉት የምራቅ ዕጢዎች በአማካይ ከ26 ግሬይ በላይ ከደረሳቸው ማገገማቸው ያጠራጥራል። በቀድሞው አሠራር ጨረሩ በሁለቱ ጉንጮች በኩል በሰፊው ስለሚገባ ዕጢዎቹ መንገዱ ላይ ናቸው። አይኤምአርቲ በሚባለው አዲሱ አሠራር ግን ጨረሩ ከብዙ አቅጣጫ ይመጣል፤ ማሽኑ አፍ ላይ ያሉ ቀጫጭን የብረት ዝርጎች እየተከፈቱና እየተዘጉ አንዱን ቦታ ያጠግባሉ፣ ሌላውን ይከልላሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ፓርስፖርት የተባለ የእንግሊዝ ጥናት ሁለቱን አወዳድሯል። ከዓመት በኋላ የአፍ መድረቅ ያስቸገራቸው በቀድሞው አሠራር 74 ከመቶ፣ በአይኤምአርቲ 38 ከመቶ ነበሩ። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፦ ምራቁ የደረቀበት ሰው እንጀራ ያለ ውሃ አይወርድለትም፣ ሌሊት ለውሃ ይነሣል፣ ጥርሱም ያልቃል።

ቪማት የሚባለው ያንኑ ሥራ በሕመምተኛው ዙሪያ እየዞረ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሳል። ፊቱ በጭምብል ተጠፍሮ ለተኛ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ዕዳ አለበት፤ ከየአቅጣጫው የሚገባው ጨረር አነስተኛ መጠኑን ሰፋ ላለ የሰውነት ክፍል ያዳርሳል። ዕድሜ ገና ከፊቱ ላለ ሕፃን ይህ ያሳስባል።

ለሕፃናት ፕሮቶን የሚባለው የጨረር ዓይነት የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ሌላው ጨረር ሰውነትን አልፎ በወዲያ በኩል ሲወጣ፣ ፕሮቶን ጉልበቱን በተወሰነ ጥልቀት ላይ አራግፎ ይቆማል። ለሕፃን አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ወደር የለውም ባይ ነኝ። ለፕሮስቴት ካንሰር ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነው የአሜሪካው ፓርቲኮል ጥናት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በአንጀት ጤንነት በኩል ከአይኤምአርቲ የተለየ ነገር አላገኘም። ለፕሮስቴት ብላችሁ ቤት ሸጣችሁ ውጭ አገር ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አስቡበት።

ኮባልትስ? አገራችን ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የኖረችው በእሱ ነው። የጨረር ምንጩ በየ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ በግማሽ ስለሚደክም፣ ያንኑ 2 ግሬይ ለመስጠት ሁለት እጥፍ ደቂቃ ይፈልጋል፤ ወረፋውም በዚያው ልክ ይረዝማል። ቢሆንም ወደ አጥንት የተሠራጨ ካንሰርን ሕመም ለማስታገስ በአንድ ቀን የሚሰጥ 8 ግሬይ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ለዚያ ውድ ማሽን አያስፈልግም።

እንግዲህ ሐኪማችሁን «ማሽኑ አዲስ ነው ወይ?» ከማለት «ስንት ግሬይ፣ በስንት ቀን፣ አጠገቡ ያለው አካልስ ስንት ይደርሰዋል?» በሉት። ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ለበዓልም ሆነ ለሐዘን ብላችሁ ቀጠሮ አትዝለሉ፤ በተለይ በአንገትና በማኅፀን በር ካንሰር፣ ሕክምናው በተጓተተ ቁጥር የመዳን ዕድል ይቀንሳል።