የሚበራው መብራትና የሚነሣው ጥሪ፦ በመሥሪያ ቤት የጠረጴዛ ስልኮች ላይ የጥሪ ሁኔታን መከታተልና የባልደረባን ጥሪ ማንሣት

(ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለአስተዳደር ሠራተኞች በቃል የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



የዛሬው ርእሴ ሲሰሙት አነስተኛ ይመስላል። በየጠረጴዛችን ላይ ያለው ስልክ በጎኑ የተደረደሩ፣ መብራት ያላቸው ቁልፎች አሉት። በአብዛኞቹ ቢሮዎች እነዚህ ቁልፎች ስልኩ ከካርቶኑ ከወጣበት ቀን ጀምሮ አልተነኩም። ሁለት ሥራ ግን ይሠራሉ። አንደኛው የባልደረባችን ስልክ ነጻ መሆኑን፣ እየጠራ መሆኑን ወይም መያዙን ማሳየት ነው። ሁለተኛው በእርሱ ስልክ ላይ የሚጮኸውን ጥሪ ከራሳችን ወንበር ሳንነሣ ማንሣት ነው። እነዚህ እንዴት እንደሚሠሩና እንዴት እንደሚዘረጉ አስረዳለሁ።

ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስበን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ከዚህ ከጭሮ ቁልቁል ሲወረድ ሚኤሶ አለች። እዚያ ባለ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ፣ ምጥ የጸናባትን እናት ከመላኳ በፊት ጭሮ ወዳለ ሆስፒታል ትደውላለች እንበል። በማዋለጃ ክፍል ያለው ስልክ ይጮኻል። ባለሙያዋ ከታካሚ ጋር ናት። በአጠገቡ ባለው ክፍል ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ጩኸቱንም በግድግዳው በኩል ይሰማሉ። ስልኩ የእነርሱ ስላልሆነ ግን አይነሡም። ምሳሌው ለማስረጃ የተወሰደ እንጂ የአንድ ተቋም ታሪክ አይደለም፤ ሆኖም በየመሥሪያ ቤቱ በልዩ ልዩ መልክ የሚደርስ ነው። ከቆላው ቀበሌ መታወቂያ ወይም የመሬት ጉዳይ ይዞ የሚመጣ ገበሬም፣ አስቀድሞ ደውሎ መልስ ካላገኘ የአንድ ቀን መንገድ በከንቱ ይመላለሳል።

ከሐዲዱ የምንማረው

የሀገራችን የስልክ ታሪክ ከዚሁ ከሐረርጌ ጋር የተያያዘ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ሥራው የተጀመረው የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘ ሲሆን ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ቀጥሎ የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ሚኤሶም በድሬዳዋና በአዋሽ መካከል የባቡር ጣቢያ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በሚኤሶ ያልፋል፤ ከአዳማ ወደ ሚኤሶ የሚወስደውም ነጠላ ሐዲድ ነው።

ነጠላ ሐዲድ ያለበት አገር ሁሉ አንድ ሕግ ይጠብቃል፦ ከፊት ያለው የመስመር ክፍል ነጻ መሆኑ ሳይረጋገጥ ባቡር አይለቀቅም። ዝምታ ፈቃድ አይደለም። «ነጻ ነው» የሚል ማረጋገጫ ካልደረሰ መስመሩ እንደተያዘ ይቆጠራል። ይህን ሕግ ያዙልኝ፤ ስለ ስልኩ መብራት በምናገረው ሁሉ ውስጥ ይመለሳል።

መብራቱ ምን ያውቃል?

በቀድሞዎቹ ባለ ቁልፍ ስልኮች የእያንዳንዱ መስመር መብራት የሚበራው በራሱ ሽቦ በሚመጣ ኤሌክትሪክ ነበር። ዛሬ በኔትወርክ ገመድ የሚሠራው ስልክ ግን እንዲህ ያለ ሽቦ የለውም። መብራቱ የሚበራው በመልእክት ነው፤ በሌላ አነጋገር መብራቱ የሚያሳየን የደረሰውን የመጨረሻ ወሬ ነው።

መልእክቱ የሚመጣው ፒቢኤክስ ከምንለው የመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ስልክ ማዞሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ማርክ ስፔንሰር የጀመረው አስተሪስክ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ለዚህ ሥራ በዓለም ዙሪያ ይውላል። ስልኮቹና ማዞሪያው የሚነጋገሩበት ስምምነት ሲፕ ይባላል። የጥሪን ሁኔታ ማሳወቂያ ወጥ መልክ ያስያዘው ሰነድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው አርኤፍሲ 4235 ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የእኔ ስልክ ለማዞሪያው «የ201ን ሁኔታ ልከታተል» ብሎ ጥያቄ ያቀርባል። ማዞሪያው ከፈቀደ ለተወሰነ ጊዜ ይመዘግበዋል፤ ጊዜው ከማለቁ በፊት ስልኩ ማደስ አለበት። ከዚያ በኋላ በ201 ላይ ለውጥ በተፈጠረ ቁጥር ማዞሪያው ማሳወቂያ ይልካል። ሰነዱ ለአንድ ጥሪ አምስት ደረጃዎችን ይዘረዝራል፤ ለመብራቱ የሚያስፈልጉት ግን ሦስት ሁኔታዎች ናቸው፦ ጥሪ የለም፣ እየጠራ ነው፣ ተነሥቶ ንግግር ላይ ነው። በብዙ ስልኮች የመጀመሪያው አረንጓዴ፣ ሁለተኛው ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ፣ ሦስተኛው የማይርገበገብ ቀይ ነው።

እንግዲህ የሐዲዱን ሕግ አስታውሱ። የጠፋ መብራት «ነጻ ነው» ማለት አይደለም፤ ወሬው አልደረሰም ማለት ሊሆን ይችላል። አረንጓዴም ቢሆን በስልኩ ላይ ጥሪ አለመኖሩን እንጂ ሰውየው ወንበሩ ላይ መኖሩን አይመሰክርም።

አዘረጋጉ በቅደም ተከተል

የመጀመሪያው ሥራ የሚሠራው በማዞሪያው ላይ ነው። በአስተሪስክ የውስጥ ቁጥሩ ከትክክለኛው የስልክ መሣሪያ ጋር «ሂንት» በሚባል መስመር ይታሰራል። ይህ ካልተጻፈ ማዞሪያው ስለ 201 የሚናገረው ነገር አይኖረውም፤ ስልኩ ላይ የቱንም ቁልፍ ብንሞላ መብራቱ አይሠራም።

ሁለተኛው ፈቃድ ነው። የትኛው ስልክ የማንን ሁኔታ ሊጠይቅ እንደሚችል በማዞሪያው ላይ ይወሰናል።

ሦስተኛው በጠረጴዛው ስልክ ላይ ይፈጸማል። በስልኩ ቅንብር ውስጥ የቁልፉን ዓይነት «ቢኤልኤፍ» እናደርጋለን፤ የምንከታተለውን የውስጥ ቁጥር እንሞላለን፤ የማንሻ ኮዱንም በቦታው እናስገባለን።

አራተኛው ጥሪ ማንሣት ነው፤ እርሱም ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ቡድናዊ ነው፦ በቡድኔ ውስጥ የሚጮኸውን ጥሪ የማንም ይሁን አነሣለሁ። የአስተሪስክ ነባር ኮድ ለዚህ *8 ነው። ሌላው ቁጥር ለይቶ ማንሣት ነው፦ የ201ን ጥሪ ብቻ አነሣለሁ። በፍሪፒቢኤክስ ይህ የሚደረገው ሁለት ኮከብ አስቀድሞ ቁጥሩን በመደወል ነው። መብራት ያለው ቁልፍ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው፤ ሲርገበገብ አንድ ጊዜ እንጫነዋለን፣ ስልኩ ኮዱንና ቁጥሩን በእኛ ፈንታ ይደውላል፣ ማዞሪያውም ጥሪውን ወደ እኛ ያዞረዋል። ሁለት ሰዎች ቢጫኑ የቀደመው ያገኛል። ከተነሣ በኋላ ግን ያ ጥሪ በዚህ መንገድ አይወሰድም።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያምታቱትን አንድ ነጥብ ልለይ። ማየትና ማንሣት የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው። ማንሣትም ራሱ ሁለት ጎን አለው፦ ስልኬ ሲጮኽ የየትኛው ቡድን ጥሪ ይባላል? እኔስ የየትኞቹን ቡድኖች ጥሪ ማንሣት እችላለሁ? በአስተሪስክ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በሁለት የተለያዩ መስኮች ይመለሳሉ። ስለዚህ ጸሐፊዋ የኃላፊውን ጥሪ እንድታነሣ፣ ኃላፊው ግን የእርሷን እንዳያነሣ ማድረግ ይቻላል።

በመጨረሻ መፈተሽ ይቀራል። ሦስት ስልክ ይበቃል፦ አንዱ ይደውላል፣ ሁለተኛው ይጮኻል፣ ሦስተኛው መብራቱን አይቶ ያነሣል። ፈተናው ማዞሪያው ጠፍቶ ከተነሣ በኋላና ኃይል ተቋርጦ ከተመለሰ በኋላ መደገም አለበት። ስልኮቹ ኃይል የሚያገኙት በኔትወርክ ገመዱ ከሆነ፣ ዩፒኤስ ለማዞሪያው ብቻ ሳይሆን ለስዊቹም ያስፈልጋል፤ አለዚያ ማዞሪያው በሕይወት እያለ ስልኮቹ ሁሉ ይሞታሉ።

ማን ይይ? ማን ያንሣ?

እስካሁን የተናገርሁትን አንድ ጎበዝ ቴክኒሺያን በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ቴክኒሺያኑ ሊወስነው የማይገባው ግን የቡድኖቹን ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ስለ ሥራና ስለ ሰው የሚሰጥ ውሳኔ ስለሆነ።

አንደኛ፣ ቋንቋ። በሚኤሶና በአካባቢዋ ደዋዩ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ ወይም አማርኛ ሊናገር ይችላል። ጥሪውን ፈጥኖ ያነሣ ሰው የደዋዩን ቋንቋ ካልሰማ ፍጥነቱ አይጠቅምም። የማንሻ ቡድን ሲመሠረት የክፍሎችን ጉርብትና ብቻ ሳይሆን የሠራተኞቹንም ቋንቋ መቁጠር ይገባል።

ሁለተኛ፣ ምስጢር። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 በስልክ የሚደረግን ግንኙነት ከመደፈር ይጠብቃል። ታካሚ ለሐኪሙ፣ ተማሪ ለአማካሪው የሚደውለው ሌላ ሰው ያነሣልኛል ብሎ አይደለም። እንዲህ ያሉ ስልኮች ከጋራ ቡድን ውጭ ቢሆኑ ይሻላል። ያነሣ ሰውም በመጀመሪያው ቃሉ ማንነቱንና የማንን ስልክ እንዳነሣ ይናገር፤ «የማዋለጃ ክፍልን ስልክ ያነሣሁት ከተመላላሽ ሕክምና ነው» ማለት ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ቁጥጥር። ቀኑን ሙሉ የሠራተኛውን መብራት የሚመለከት ኃላፊ፣ ማን ለስንት ጊዜ ስልክ እንደያዘ ሊቆጥር ይዳዳዋል። መብራቱ ለዚህ አልተሠራም፤ ለዚህም ምስክር አይሆንም። ስልኩ ቀይ ሆኖ የቆየው ሠራተኛ የሚያጽናናው ባለጉዳይ ይዞ ይሆናል። ማን የማንን መብራት እንደሚያይ በጽሑፍ ሊወሰን፣ ሠራተኛውም ሊያውቀው ይገባል።

ባጭሩ፣ ለተማሪዎቼ የምመክረው ቁልፉን ከመሙላታችሁ በፊት በወረቀት ላይ አንድ ሰንጠረዥ እንድታዘጋጁ ነው። በግራ የሚጮኹትን ስልኮች ጻፉ፤ በቀኝ እነዚያ ሲጮኹ ኃላፊነት የሚወስዱትን ሰዎች። በቀኝ በኩል ባዶ የቀረ ቦታ ካለ፣ የሚኤሶዋ አዋላጅ ነርስ ስትደውል የማይነሣው ስልክ እርሱ ነው። ያ ቦታ ሳይሞላ ወደ ማዞሪያው አትሂዱ።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።