ለቁስለኛ ወታደር የሚፈተል ጋቢ

በጭሮ፣ በሂርናና በበዴሳ ሲመሽ ሰው ጋቢውን ይደርባል። የጨርጨር ደጋ ብርድ ከሌላ ልብስ ጋር ብዙም አይስማማም። ጋቢ የእጅ ሥራ ብርድ ልብሳችን ነው፤ አንዱን ለማድረስ ደግሞ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ጥጡ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ አመልማሎ ሆኖ እንዝርት ላይ ይፈተላል። ድሩ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ከገበያ ይገዛል፤ ማጉን ግን እናቶች ይፈትሉታል። ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን ከመወርወሩ በፊት የሚያልፈው ጊዜ ከሽመናው ይበልጣል፤ ለዚህም ነው የጋቢ ዋጋ ፈትሉ ነው የምለው። አራት ድርብ ስለሆነ ሙቀት ይይዛል፤ ልስላሴው ደግሞ ቁስል ላለበት ገላ ይመቻል።

ለወታደር በፈቃድ መሥራት ለሀገራችን ሴቶች አዲስ አይደለም። ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራውን ሲጀምር፣ በእቴጌ መነን የበላይነት የተቋቋመው የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር አባላት አዲስ አበባ ላይ ፋሻ ያዘጋጁ፣ ልብስ ይሰፉ፣ የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል ሳይቀር ይሠሩ ነበር። ከመካከላቸው የእቴጌዋ ልጅ ወጣቷ ልዕልት ፀሐይ ነበረች። በስደት ለንደን ነርስነት ተምራ ተመለሰች፤ በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነቷ አረፈች። በስሟ የተሠራው መታሰቢያ ሆስፒታል ኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ፤ ፋሻ ያዘጋጀችለት ወታደር ልጅና የልጅ ልጅ የሚታከሙት በመታሰቢያዋ ቤት ነው።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሐረርጌን ሲወር ደግሞ እናቶች ለዘማቹ በሶና ዳቦ ቆሎ አዘጋጁ። ስንቁ ሁሌም ይታወሳል። ሆስፒታል ገብቶ ወራት የሚተኛው ቁስለኛ ግን ከሰልፉ ሲርቅ ከሰው ልብም ይርቃል፤ ይህ ያሳዝነኛል፤ ስለዚህ ጋቢ እንፍተልለት እላለሁ።

በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች እድሩም አፎሻውም አለ። ሐዘን ላይ አብሮ የሚቀመጥ ማኅበር አብሮ መፍተል አያቅተውም። ሁሉም በየቤቱ ጥቂት ማግ ቢፈትል፣ ለሸማኔው የሚከፈለውን ማኅበሩ ቢያዋጣ፣ አንድ ጋቢ በማንም ላይ ሳይከብድ ይደርሳል። ጥለቱ ቀላል ይሁን፤ ሆስፒታል ውስጥ ቶሎ ቶሎ ይታጠባል። አጥባችሁ ላኩት፤ ከመላካችሁ በፊት ደግሞ ሆስፒታሉ ምን እንደሚቀበል ጠይቁ። የተኛውን ወታደር ስሙን ማወቅ አያስፈልጋችሁም፤ ጀምሩ።