ስንቅ ያልያዘ ጋሻ

«ታንክ» ሲባል ጎንደር ውስጥ ሁሉም በየዕድሜው የሚያስበው ነገር አለው። አባቶች ባለ ሰንሰለቱን የጦር መኪና ያስባሉ። ውኃ በፈረቃ የምትጠብቅ እናት ሐሳቧ ግቢ ጥግ ወደ ቆመው ሮቶ ይሄዳል። ኮምፒውተር ላይ ለሚያመሽ ልጅ ግን ታንክ ሰው ነው፤ ከጓደኞቹ ቀድሞ ፊት የሚቆም፣ እነሱ ፋታ አግኝተው እንዲመቱ ዱላውን ሁሉ በራሱ ላይ የሚቀበል። እኛ ዘንድ ለዚህ የቆየ ቃል አለ፤ ጋሻ። ልጁን «ጋሻው» ብሎ የሚጠራ ቤተሰብም ሌላ ነገር አልተመኘም።

ፕሌይስቴሽን ቤቶች ውስጥ የሚነግሠው እግር ኳስ በመሆኑ ይህን የሥራ ድርሻ የሚያውቀው ብዙ አይደለም። እኔም ያወቅሁት ቫልሃይም በተባለ ጨዋታ ነው። ጨዋታው ለገበያ የቀረበው በጥር 2013 ዓ.ም. ነው፤ ፋሲል ከነማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ባነሣበት ዓመት መሆኑን ለመጥቀስ ፈቃዳችሁ ይሁን። የሠሩት ስዊድን ውስጥ ያሉ አምስት ሰዎች ናቸው፤ ድርጅታቸው አይረን ጌት ይባላል። በወር ገደማ ውስጥ 5 ሚሊዮን ቅጂ ሸጡ። እስከ 10 ሰው በአንድ ዓለም ውስጥ ገብቶ እንጨት ይፈልጣል፣ ጎጆ ይቀልሳል፣ ማዕድን ያቀልጣል፤ ጫካው፣ ረግረጉና ተራራው ደግሞ በየራሳቸው አውሬ ይጠብቁታል። ብቻውን የሚጫወት ሰው ሮጦ ማምለጥ ይችላል። አራት አምስት ሆነው ሲገቡ ግን አንዱ ቀስተኛ ነው፣ አንዱ መዶሻ ይዟል፣ አንዱ ደግሞ ገና ጀማሪ ነው። ፊት የሚቆም ሰው ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ታንክ ልሁን ብዬ የወጣሁ ቀን ያደረግሁት ማንም ጀማሪ የሚያደርገውን ነው። ያለችንን ብረታ ብረት ሁሉ አሟጥጬ ጥሩር አሠራሁ፤ ቁመቴን የሚያክል ጋሻ ያዝሁ፤ ጥቁሩ ደን ውስጥ ሰማያዊውን ትሮል ፊት ለፊት ገጠምሁት። ትሮሉ ግንድ ነቅሎ የሚማታ ግዙፍ ፍጡር ነው። ጋሻዬን አነሣሁ፣ ግንዱ ወረደ፣ ተንገዳገድሁ፣ ሁለተኛው ምት መቃብር አስገባኝ። ጓደኛዬ ከዛፍ ጀርባ ሆኖ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «በልተህ ነበር?»

አልበላሁም ነበር። የዚህ ጨዋታ ታንክ የሚሠራው ከአንጥረኛው ዘንድ ሳይሆን ከማድቤት መሆኑን ያን ቀን ተማርሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆዱ ባዶ የሆነ ተጫዋች ያለው ደም፣ ማለትም የሕይወቱ ልክ፣ 25 ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው በሙሉ ከምግብ የሚመጣ ነው። በአንድ ጊዜ መብላት የሚቻለው ሦስት ዓይነት ምግብ ሲሆን ሦስቱም የተለያዩ መሆን አለባቸው፤ አንዱን ምግብ በራሱ ላይ መደራረብ አይፈቀድም። የተጠበሰ የከርከሮ ሥጋ 30፣ የአጋዘን ሥጋ 35 ይጨምራል። ራቅ ብሎ የሄደና ጥሩ አብሳይ ያለው ቡድን ደግሞ በአንድ የሥጋ ፓይ ብቻ 75 ያገኛል፤ በሦስቱ ምግቦች ከ200 ደም በላይ ይደረሳል። ከምግቦቹ አንዳንዱ ደም፣ አንዳንዱ ጉልበት፣ አንዳንዱ ሁለቱንም በመጠኑ ይሰጣል። ቀስተኛው ጉልበት ያበዛል፤ ታንኩ ደም። ደግሞም ምግቡ በሆድ ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጥቅሙ ከደቂቃ ወደ ደቂቃ ይሳሳል።

እስከዚህ ድረስ ማንም ይገምተዋል። ብዙ ሰው የሚስተው ጋሻውም የሚበላ መሆኑን ነው። እያንዳንዱ ጋሻ የሚያቆመው የምት መጠን አለው፤ የተረፈው ምት ወደ ተሸካሚው ያልፋል፣ እየተጠራቀመም ያንገዳግደዋል። የመንገዳገጃው ልክ የሚሰላው ደግሞ ከተጫዋቹ ሙሉ ደም ነው። ብዙ የበላ ሰው ብዙ ምት ይችላል፤ ያልበላው በዚያው ጋሻ በመጀመሪያው ምት ይናጋል፣ ሲናጋ ደግሞ ጋሻው ከእጁ እንደሌለ ይቆጠራል። የእኔ ነገር ይኸው ነበር። ጋሻዬ አልተሰበረም፤ የተሰበረው ክንዴ ነው።

ጥሩርስ? ጥሩር ይጠቅማል፣ ግን ስግብግብነትን አይወድም። ስሌቱ ቀላል ነው። 60 የሚመዝን ምት 30 ጥሩር ላይ ሲያርፍ 30 ያልፋል። ጥሩሩ 60 ሲሆን የሚያልፈው 15 ነው፤ 90 ሲሆን 10። የመጀመሪያው ጭማሪ 15 ያድናል፣ ሁለተኛው 5 ብቻ። ወደ ዜሮ ግን በፍጹም አይደርስም። ከባዱ ጥሩር በዚያ ላይ እርምጃን ያዘገያል። ስለዚህ ለተጨማሪ ጥሩር ብረት ፍለጋ ረግረግ ውስጥ ከመርመጥመጥ በፊት ድስቱን ማየት ይሻላል፤ ይህ የኔ ፍርድ ነው፣ ጓደኞቼ አይስማሙም።

ጋሻው ራሱ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። ረጅሙ፣ እንደ በር የሚገተረው ጋሻ ብዙ ምት ያቆማል፣ ግን ምትን መልሶ ማጨናገፍ አይችልም። ክቡ ጋሻ ያነሰ ይችላል፤ ነገር ግን ምቱ ሊያርፍ በቅጽበት ሲቀር ከተነሣ ጠላቱን ራሱን ያንገዳግደዋል፣ የተንገዳገደ ጠላት ደግሞ እጥፍ ይጎዳል። የአገራችን የጥንት ጋሻ ከሁለተኛው ወገን ነው። ከጎሽ፣ ከጉማሬ ወይም ከበሬ ቆዳ የሚሠራ፣ ክብ፣ መካከሉ ወደ ውጭ የጎበጠ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ። የመኳንንቱ ከፋይ ለብሶ በብር ያጌጣል። ከኋላው የሚደበቁበት ሳይሆን ጦሩ ሲመጣ የሚያንሸራትቱበት መሣሪያ ነው፤ ጉብታው ለዚያ ነው። እኔም አሁን የምይዘው ክቡን ነው።

ያን ጋሻ የያዘ ዘማች ከወገቡ ምን ነበረው? በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ዘማቹ ስንቁን ከቤቱ አሰናድቶ ይወጣ ነበር፤ የሚፈጩት፣ የሚጋግሩትና የሚሸከሙት በብዛት ሴቶች ነበሩ። ስንቅ ሲያልቅ ጦሩ በባላገሩ ጎተራ ላይ ይወድቃል፤ ገበሬው ከጠላት እኩል የሚፈራው ይህንን ነበር። ነገሩን ጠንቅቀው ከሚያውቁት አንዷ የሰሜን ቤት ተወላጅ እቴጌ ጣይቱ ነበሩ። አባታቸው ራስ ብጡል የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ወንድም ነበሩ። በ1888 ዓ.ም. ጥር ላይ መቀሌ እንዳ ኢየሱስ የመሸገው የጣሊያኑ የማጆር ጋሊያኖ ጦር በምሽጉ ላይ የተደረገውን ጥቃት ሁሉ ተቋቁሞ ነበር። ያ ምሽግ በዛሬው ቋንቋ ታንክ ነበር ማለት ይቻላል። ጣይቱ የውኃውን ምንጭ አስያዙበት። ግንቡ ሳይፈርስ ውስጥ ያሉት በጥም እጃቸውን ሰጡ፤ ከአንድ ወር በኋላ ዓድዋ ሆነ።

ወደ ጨዋታው ልመለስ። የቫልሃይም ተራራ ለደባርቅና ለጃናሞራ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ወደ ላይ ሲወጡ ብርዱ ራሱ ደም ይቀንሳል፤ ተኩላ ሳይነካዎት፣ ድንጋይ ሳይወድቅብዎት። የብርድ መከላከያ ጠጅ ካልተጠጣ ወይም የተኩላ ጠጉር ካባ ካልተደረበ ታንኩ ቆሞ ያልቃል። የብረት ጥሩር እዚያ ዋጋ የለውም። የሰሜን ተራራ እረኛ ደበሎውን የሚደርበው በዚሁ ስሌት ነው፤ ከራስ ደጀን ግርጌ ሰው ብረት ለብሶ አይሞቀውም። ገብስም አለ፣ የሚያስቀው ግን ቦታው ነው፤ እዚያ ዓለም ገብስ የሚበቅለው ደጋ ላይ ሳይሆን ሜዳው ላይ ብቻ ነው። በነፋስ ወፍጮ ተፈጭቶ ዳቦ ይሆናል፣ ዳቦውም ከደም ይልቅ ጉልበት ይሰጣል። የደጋ ገበሬ ካየው የሚከራከርበት ነገር አያጣም።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ጠላት ታንኩን ለምን ይመታል? በሌሎች ጨዋታዎች ታንክ አውሬውን የሚያስቆጣበት ልዩ ፉከራ አለው፤ አንድ ቁልፍ ሲጫን ሁሉም ወደ እሱ ይዞራል። ቫልሃይም ውስጥ ይህ የለም። መቅረብ፣ ቀድሞ መምታት፣ መንገድ ላይ መገተር ብቻ ነው። ስለዚህ ጓደኞቹም ሥራ አለባቸው፤ ታንኩ ሳይደርስ ቀስት አለመወርወር፣ የተባረረ ካለም ወደ ታንኩ መሮጥ እንጂ አለመበተን። ከተበተኑ ያንን ሁሉ የበላ ሰው ሜዳ ላይ ብቻውን ጋሻ አንሥቶ ይቀራል።

ቡድናችን ውስጥ አሁን ሥራው ተከፋፍሏል። ከዛፉ ጀርባ የጠየቀኝ ጓደኛዬ አብሳይ ሆኗል፤ ገበታውን ከእሳቱ አጠገብ ባለ ሣጥን ውስጥ በየስማችን አስቀምጦ ይጠብቀናል። የምግቡ ሥዕል ማያው ጥግ ላይ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ጊዜው ተጋምሷል፣ እንደገና መብላት ይቻላል ማለት ነው። ትሮሉ ግንዱን አንሥቶ እየመጣ እንኳ ከጀርባዬ ድምፁ ይሰማል፦ «ኧረ ጉረስ!»