ከብራና መማር መኮረጅ ነው?

«ለዲዛይን ሥራ የብራና መጻሕፍትን ማየት መኮረጅ ነው» የሚል አስተያየት ስለበዛ፣ እንደ ግራፊክ ዲዛይነር መልስ ልስጥ። አስተያየቱ ስሕተት ነው። የ15ኛውን ክፍለ ዘመን ሐረግ (የብራና ገጽ ማስጌጫ) ቀረብ ብላችሁ እዩ፤ ባለ ቀለም ጥብጣብ አንዴ ከላይ አንዴ ከሥር እየተጠላለፈ የገጹን ራስጌ ይሸፍንና በጽሑፉ ዓምዶች መካከል ይወርዳል። ዓምዶቹ ደግሞ በወስፌ ተበስተው በተሰመሩ መስመሮች የተለኩ ናቸው። የምንማረው ይህን ልኬትና አጠላለፍ እንጂ መልኩን ብቻ አይደለም። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንም ከጠልሰም ክታቦች ተነሥቶ ፍጹም የራሱ የሆነ ዘመናዊ ሥዕል ሠርቷል።

«የቅጂ መብትስ?» ለምትሉ፦ በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃው በመሠረቱ ደራሲው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው፤ ስለዚህ የጥንቱ ሐረግ ነፃ ነው። የብራናው ፎቶግራፍ ግን የራሱ መብት ሊኖረው ስለሚችል ፎቶውን ያገኛችሁበትን ቤተ መዛግብት ደንብ አንብቡ። «ቅዱስ ነገር ለንግድ ይውላል» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ ቅዱሳት ሥዕላትን ከማስታወቂያ አርቁ፣ ምንጫችሁንም ጥቀሱ።

አንድ ሐረግ መርጣችሁ ደጋግማችሁ በእጃችሁ ሣሉ፤ ከዚያ ብራናውን ዘግታችሁ የራሳችሁን ጀምሩ። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።