ጠበቃ የደንበኛውን ንብረት ሲይዝ፦ ከጉንደ ወይን የሚነሣ የሙያ ሥነ ምግባር ጥያቄ



የዛሬውን ገለጻ ለማስረዳት ብዬ ባሰብሁት ጉዳይ ልጀምር። በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ በጉንደ ወይን ዙሪያ፣ ባሏ የሞተባት አንዲት ገበሬ ከባሏ ወንድሞች ጋር በእርሻ ይዞታ ትሟገታለች እንበል። ክርክሩ ከወረዳው ፍርድ ቤት ተነሥቶ በይግባኝ ደብረ ማርቆስ ደርሷል። ጥሬ ገንዘብ የላትምና ጠበቃዋን፣ «ከረታሁ መሬቱን ለዓመታት ይያዙት፤ ኪራዩ በድካምዎ ይታሰብ» ትለዋለች። ጠበቃው እሺ ማለት ይገባዋልን?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ስለሚደነግግ፣ ጠበቃው መሬቱን ሊገዛ አይችልም። ይሁን እንጂ የመጠቀም መብት በኪራይ ይተላለፋል፤ ቤትና ከብትም ይሸጣሉ። ስለዚህ ጥያቄው በዚህ አይዘጋም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2188 ተወካይ ከራሱ ጋር የተዋዋለው ውል በወካዩ ጥያቄ እንዲፈርስ ይፈቅዳል። በምሳሌያችን ግን የምትፈርመው ባለይዞታዋ ራሷ ስለሆነች፣ ይህ ድንጋጌ በቀጥታ አይደርስላትም። የሚደርሱላት አንቀጽ 2208 እና 2209 ናቸው፤ ተወካይ በፍጹም ቅን ልቦና ለወካዩ ጥቅም ብቻ እንዲሠራ፣ በሥራው ያወቀውንም ወካዩን በሚጎዳ መንገድ እንዳይጠቀምበት ያስገድዳሉ።

እዚህ ላይ የነገሩን ሥር እንመልከት። ሽማግሌዎች ገብተው የባሏ ወንድሞች በመሬቱ ፋንታ ሌላ ማሳ ወይም ገንዘብ ሊሰጧት ቢስማሙ፣ ዕርቁ ለእርሷ ይበጃት ይሆናል። ጠበቃው ግን ተስፋ ያደረገበትን መሬት ያጣል። «ታረቂ» ወይስ «ተሟገቺ» ብሎ ሲመክራት ለማን ይመክራል? ከሚረታው ገንዘብ በመቶኛ የሚታሰብ ክፍያ የራሱ እንከን ቢኖረውም፣ የደንበኛዋ ገንዘብ ሲጨምር የጠበቃው ድርሻም አብሮ ይጨምራል። ንብረቱን በዓይነት መፈለግ ግን ሁለቱን ጥቅሞች ይለያያል።

ሌሎች አገሮች ይህን አደጋ ቀድመው አይተውታል። የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1597 ጠበቆችና ዳኞች በሚሠሩበት ፍርድ ቤት ሥልጣን ሥር የሚወድቅ፣ ክርክር ያለበትን መብት እንዳይገዙ ይከለክላል፤ ከገዙም ውሉን ፈራሽ ያደርገዋል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር አርአያ ደንብ 1.8 ጠበቃው በያዘው ሙግት ላይ የባለቤትነት ጥቅም እንዳያገኝ ይከለክላል፤ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ግን ምክንያታዊ የሆነ፣ በውጤት ላይ የተመሠረተ ክፍያ ይፈቅዳል። ከደንበኛ ጋር የሚደረግ ሌላ የንግድ ውልም ፍትሐዊና በጽሑፍ የሰፈረ እንዲሆን፣ ደንበኛውም ገለልተኛ ምክር የሚያገኝበት ዕድል እንዲኖረው ያዝዛል።

«ፈቅዳ ፈርማለች» የሚለው መከላከያ ለእኔ በቂ አይደለም። ውሉን ያስረዳት ራሱ ተዋዋዩ ነውና። አቋሜ ይህ ነው፦ ክርክሩ የመጨረሻ ፍርድ አግኝቶ እስኪፈጸም ድረስ ጠበቃው የሚከራከርበትን ንብረት አይንካ፤ ክፍያውም፣ ቢዘገይ እንኳ፣ በገንዘብ ይሁን። ከዚያ በኋላ መከራየት ቢፈልግ፣ በአካባቢው ዋጋ፣ ሌላ አማካሪ ካስረዳት በኋላና በሕጋዊ ምዝገባ ይሁን።

ይህች ሴት ጠበቃ የያዘችው መሬቷ ከእጇ እንዳይወጣ ነው። መሬቱ ወደ ጠበቃው እጅ ከዞረ፣ ፍርድ ቤት ብትረታም ለእርሷ ያው መሸነፍ ነው።