«አዎ» ብቻ የሚል ዘማሪ

እ.ኤ.አ. በ1745 ኡሎፍ ዳሊን የተባለ ስዊድናዊ አንድ እንግዳ ነገር ጽፎ አኖረ። ስለ አንድ የ33 ዓመት ጎልማሳ ነው፤ የሰውየው ቀኝ ጎን በድንገት ሽባ ሆነ፣ አንደበቱም ተዘጋ። ሁለት ዓመት ቆይቶ እንኳ ከአፉ የሚወጣው «አዎ» ብቻ ነበር። ከመታመሙ በፊት የሚያውቃቸውን መዝሙሮች ግን እንደ ማንኛውም ጤነኛ ጥርት አድርጎ ይዘምራል፤ መጀመሪያው ላይ አንድ ሰው አብሮት ካዜመለት ይበቃዋል።

ሰው ተገረመ፤ ከመገረም ግን አላለፈም።

በ1861 ፓሪስ አጠገብ ባለው የቢሴትር ሆስፒታል «ታን» የሚባል የ51 ዓመት ሕመምተኛ ሞተ። ቅጽል ስሙ የመጣው ምንም ቢጠይቁት መልሱ «ታን፣ ታን» ስለነበር ነው። የሚነገረውን ይረዳል፤ ሲናደድም ስድብ ታመልጠው ነበር። ሐኪሙ ፖል ብሮካ አንጎሉን ሲመረምር ጉዳቱን በግራ በኩል፣ ወደ ፊት ለፊት አገኘው። ሌሎች ሕመምተኞችን ከጨመረ በኋላ በ1865 ንግግርን በዋናነት የሚመራው የአንጎል ግራ ክፍል ነው አለ። ታዲያ መዝሙሩና ስድቡ ከየት መጡ? ምናልባት ካልተጎዳው ከቀኙ።

ይህን ግምት ወደ ሕክምና የለወጡት በ1973 ቦስተን ውስጥ ማርቲን አልበርት፣ ሮበርት ስፓርክስና ናንሲ ሄልም ናቸው። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ባለሙያው ለኑሮ የምታስፈልግ አጭር አባባል ይመርጣል፤ በእኛ ቋንቋ ቢሆን «ው-ሃ-ስ-ጡኝ» እንበል። ከፍና ዝቅ በሚል ዜማ መጀመሪያ ያንጎራጉራታል፤ በየቀለሟም የሕመምተኛውን ግራ እጅ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ያደርጋል። ከዚያ አብረው ይሏታል። ባለሙያው መሀል ላይ ድምፁን እያጠፋ ይወጣል፤ ሕመምተኛው ብቻውን ይጨርሳል። በመጨረሻ ዜማው ራሱ እየሳሳ ሄዶ ተራ ንግግር ይሆናል። ዋናው ጥበብ እዚህ መውጣቱ ላይ ይመስለኛል፤ ዳሊን የጻፈለት ሕመምተኛ ያጣው ይህንን ነው። ዘመረ እንጂ ከመዝሙር ወደ ንግግር የሚያሻግረው አላገኘም። ዘዴው የሚስማማው በተለይ የሚሰማውን እየተረዳ ቃል ማውጣት ለሚያቅተው ሰው ነው።

ታሪኩ ግን አንድ ዙር ቀርቶት ነበር። በ2011 ጀርመን ውስጥ ቤንያሚን ሽታልና ባልደረቦቹ 17 ሕመምተኞችን አንዴ እያዘመሩ፣ አንዴ በምት ብቻ እያናገሩ አነጻጸሩ። ዜማው ለብቻው የጨመረው ነገር አልታየም። የረዳቸው ምቱና አባባሉን አስቀድሞ በቃል ማወቃቸው ነበር።

ከዳሊን ጽሑፍ ሳልነግራችሁ ያለፍኩት አንድ ነገር አለ። ያ ሰው አጋዥ ካገኘ አንዳንድ ጸሎቶችንም ይደግም ነበር፤ ያለ ዜማ፣ በምት።